የእድሩ ጸሐፊና ብርሃን የሚበላው ኪቦርድ

ወይዘሮ የሺዓለም ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ አጠገብ ካለች አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የገቡት የኪቦርድ ገመድ ማራዘሚያ ለመግዛት ነበር። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን አጥቁሯል።

«ስንት ሜትር ይሁንልዎ እማማ?» አላቸው ሻጩ።

«ከኮምፒውተሩ እስከ ዳኛው ወንበር የሚደርስ።»

ሻጩ የየትኛው ኮምፒውተር፣ የየትኛው ዳኛ እንደሆነ አላወቀምና የገመዱን ጥቅል እንደያዘ አያቸው። ባንኮኒው ጫፍ ላይ የስልክ መሸፈኛ ስትመርጥ የነበረች አንዲት ወጣት ግን ነገሩ ገብቷት ፈገግ አለችና ጠጋ ብላ ሰላም አለቻቸው። ወይዘሮ የሺዓለም አልሰሟትም። ሻጩ በጣቱ ሲያመለክታቸው ዞረው አዩ።

«ውይ ናዝራዊት! አንቺ ነሽ? ስንቴ ልንገርሽ፣ በግራ ጆሮዬ በኩል ነይ። ቀኙ ጡረታ ወጥቷል።»

ናዝራዊት የጎረቤታቸው ልጅ ናት። ስድስት ኪሎ ተምራ ተመርቃለች፤ ቤቷ ተቀምጣ በኮምፒውተር ለድርጅቶች ትሠራለች። ከሰው ፊት ቆማ መናገር የሚጨንቃት፣ ድምጿን ለመስማት ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው እንኳ ጎንበስ የሚልላት ልጅ ናት። እሷና ወይዘሮ የሺዓለም ሲነጋገሩ ያየ ሰው አንዷ ምሥጢር የምታወራ፣ ሌላዋ ምሥጢሩን ለሠፈር የምታውጅ ይመስለዋል።

«እትዬ የሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማራዘሚያውን አይግዙት» አለች ናዝራዊት።

«ለምን ብዬ?»

«በእድሩ አዳራሽ መሀል ሊዘረጋ አይደል? ባለፈው ዓመት የማይክራፎኑ ገመድ አንድ አባት ጠልፎ ከጣለ በኋላ፣ በወለሉ ላይ ገመድ እንዳይዘረጋ ጉባኤው ወስኗል። ውሳኔውን የጻፉት ራስዎ ነዎት።»

«በምንጣፉ ሥር አሳልፈዋለሁ» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም፤ ነገር ግን የያዙትን ማራዘሚያ ባንኮኒው ላይ መልሰው አስቀመጡት። የራሳቸው ጽሑፍ ሲጠቀስባቸው መሟገት አይወዱም።

«አንድ ማኪያቶ ልጋብዝዎትና ሌላ ነገር ላሳይዎት።»

እዚህ ላይ የወይዘሮ የሺዓለምን ጭንቀት መናገር ያስፈልጋል። እኚህ ሴት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ናቸው። የሥራ ባልደረቦቻቸው ኮምፒውተር ሲመጣ ፈርተው ሲሸሹ እሳቸው ተቀምጠው ተምረዋል፤ ስለዚህ አዲስ ነገርን በጭፍን የሚጠሉ አልነበሩም። የሠፈሩን እድር ቃለ ጉባኤ ደግሞ ፀጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከእሳቸው በቀር የጻፈ የለም። ከእድሩ ዳኛ ጎን ተቀምጠው፣ ተናጋሪውን በግራ ጆሯቸው በኩል አድርገው በእጃቸው ይጽፉ ነበር። በኋላ «እንዲህ አላልኩም፣ እንዲያ አላልኩም» የሚል ክርክር ስለበዛ፣ አባላቱ የሚጻፈውን ወዲያው እንዲያዩት እድሩ ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ገዛ። ሶኬቱ ያለው ግን በአዳራሹ የኋላ ጥግ ነው። ጸሐፊዋም ከነወንበራቸው ወደ ጥግ ተዛወሩ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለፈው ጉባኤ አንድ አባል ተነሥቶ «ድንኳኑ ይታደስ» ሲል፣ ወይዘሮ የሺዓለም ከጥግ ሆነው «ድንኳኑ ይወደስ» ብለው ጻፉ። ስሕተቱ በግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ካላዩ፣ የሠፈሩ ቀልደኛ፣ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ድንኳናችን ሆይ፣ ቀዳዳሽ በዝቶ ሰማይን አሳየሽን!» እያለ ማወደስ ጀመረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ የሺዓለም በካላዩ ሱቅ በር ባለፉ ቁጥር «ይወደስ መጡ» የሚል ድምፅ ይከተላቸዋል። ይህስ ባልከፋ። በጥቅምት በሚደረገው ጉባኤ ሌላ ጸሐፊ ሊመረጥ መታሰቡን ግን ሰምተዋል፤ ይህን ደግሞ ደካማው ጆሯቸውም አላለፈውም።

ካፌው ውስጥ ማኪያቶው ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ፣ ናዝራዊት ከቦርሳዋ ላፕቶፕና ስስ ጥቁር ኪቦርድ አወጣች።

«ይህ የኔ ነው። ገመድ የለውም። ባትሪ ልግዛለት ማለትም የለም። ከላይ ያለችው ጥቁር መስታወት ብርሃን ትቀበልና ውስጡ ያለውን ትንሽ ባትሪ ትሞላለች። በፀሐይ ነው የሚሠራው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ ዝናቡ ወረደ። እንዲያው መውረድ ብቻ አይደለም፣ በቆርቆሮው ላይ ተንኮታኮተ። መንገዱ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ካፌው በረንዳ ሮጠ።

«በምን አልሽኝ?» አሉ ወይዘሮ የሺዓለም፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው።

«በፀሐይ።»

«እስኪ ድገሚው፤ ይኸ ዝናብ ነው መሰለኝ ያሳሳተኝ።»

ናዝራዊት እስከ አንገቷ ቀላች። ወይዘሮ የሺዓለም ግን አልለቀቋትም። «ሐምሌና ነሐሴን ምን ሊበላ ነው? ለፍልሰታ ይጾማል በይኛ!»

«የግድ ፀሐይ አይደለም፣ እትዬ። ብርሃን ይበቃዋል። ይህ ከራሳችን በላይ ያለው አምፖል እንኳ ያበላዋል። አንድ ጊዜ ከጠገበ ደግሞ ጨለማ ውስጥም ቢሆን እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ይቺን ምልክት ሲጫኗት አረንጓዴ ካበራች ጠግቧል፤ ቀይ ከሆነች ርቦታል ማለት ነው።»

ናዝራዊት ጥፍር የምታህል መቀበያ ላፕቶፑ ላይ ሰካች፤ ከዚያ ኪቦርዱን ለወይዘሮ የሺዓለም ሰጥታ፣ ላፕቶፑን ይዛ ከበሩ አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። «አሁን ይጻፉ» አለቻቸው በምልክት።

ወይዘሮ የሺዓለም ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጥቂት አመነቱ። ጣቶቻቸው ግን ቁልፎቹን ሲነኩ የለመዱትን ቤት ያገኙ ያህል ራሳቸው ሄዱ። ቁልፎቹ ለስላሳ ናቸው፤ እንደ እድሩ አሮጌ ኪቦርድ አይንቀጫቀጩም፣ አይያዙም። ናዝራዊት ላፕቶፑን አዙራ አሳየቻቸው። «ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ» የሚል ተጽፏል፤ አንድ ፊደል አልጎደለም።

ወይዘሮ የሺዓለም ጽሑፉን አይተው፣ ከጎናቸው ስልኩን ሲነካካ ወደነበረው ሰውዬ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ስልክህ ላይ የጻፍኩት ነገር አልመጣብህም?»

«ኧረ የለም እማማ» አለ ሰውዬው ደንግጦ።

«እሱ ዘንድ አይሄድም፣ እትዬ» አለች ናዝራዊት ተመልሳ ስትቀመጥ። «መቀበያዋ የምታውቀው ይህን ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ኪቦርዱም የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ይሁን። ሲበላሽስ? ገመድ ያለው ዕቃ ሲያምፅ ነቅለሽ ትሰኪዋለሽ፣ ታጣምሚዋለሽ፣ እምቢ ካለም ትመቺዋለሽ። የዚህን ምኑን ልንቀል?»

«ገመድ ያለው ቶሎ ቶሎ የሚያምፀው እኮ በገመዱ ምክንያት ነው። የእድሩ ኪቦርድ ስንት ቦታ በፕላስተር ታስሯል?»

ወይዘሮ የሺዓለም ማኪያቷቸውን ፉት አሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ ናዝራዊት እሳቸውን ለመስማት ጎንበስ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ልንገርሽ፣ ልጄ። ከዳኛው ከአቶ ዘበነ ጎን ተቀምጬ ስጽፍ አንድ ቃል አምልጦኝ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ነው ከሰው ያራቀኝ። አሁን አንቺ ደግሞ ሌላ ማሽን አምጥተሽ ‹ይህ ያቀርብዎታል› ስትዪኝ እንዴት ልመን?»

«ኮምፒውተሩን አይቆጡት፣ እትዬ። ያራቀዎት ያ የክንድ ያህል ገመድ ነው። ኮምፒውተሩ ጥጉ ላይ ይቅር፤ ጽሑፉም ግድግዳው ላይ ይታይ። እርስዎ ግን ኪቦርዱን ይዘው የድሮ ቦታዎ ላይ ይቀመጡ። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ይደርሳል።»

ወይዘሮ የሺዓለም ኪቦርዱን አገላብጠው አዩት። በሙግቱ ግን ገና አልተሸነፉም። «ከስንት አንዴ የሚሰበሰብ እድር ነው፤ እስከ ጥቅምት ልሞክረው» ብለው ኪቦርዱን በዣንጥላቸው ሥር ደብቀው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። ናዝራዊት ቤቷ ሌላ ስለነበራት አልተቸገረችም።

ለጥቂት ቀናት ተለማመዱበት። መቀበያዋን በልጃቸው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እየሰኩ፣ ሶፋ ላይ ደገፍ ብለው ከቴሌቪዥን ዜና ይጽፉ ነበር፤ ወገባቸውም ሳይጎብጥ መጻፍ በመቻሉ በልባቸው ተደነቁ። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ልማዳቸው አደረጉ። በቤታቸው ያልተሸፈነ ነገር የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፤ ሬዲዮው ዳንቴል አለው፤ ሪሞቱም ከተገዛበት ላስቲክ ወጥቶ አያውቅም። ይህ ደግሞ የሰው ዕቃ ነው፤ ለትልቅ ቀንም የታሰበ ነው። ስለዚህ በነጭ ጨርቅ ጠቀለሉት፤ ላስቲክ ደረቡበት፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ለበዓል ብቻ ከሚለበሰው ቀሚሳቸው ሥር አኖሩት። ክረምቱን ሁሉ እዚያው ከረመ።

ጉባኤው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው አወጡት። መቀበያዋን ሰኩ፤ ቁልፎቹን ነኩ። ምንም። ምልክቷን ተጫኑ፤ አረንጓዴም ቀይም አልበራም። ኪቦርዱን አንሥተው በቀጥታ ወደ ናዝራዊት ቤት ሄዱ። በሩን የከፈተችላቸው ራሷ ነበረች።

«ሞቷል» አሏት ሳይቀመጡ። «ያልኩሽ ደረሰ። ገመድ ቢኖረው ነቅዬ እሰካው ነበር። አሁን ካላዩ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ?»

ናዝራዊት ተቀብላ አገላበጠችው። ከተገዛበት ቀን ይልቅ ያብረቀርቃል፤ አንድ የአቧራ ቅንጣት የለበትም።

«እትዬ፣ የት ነበር የተቀመጠው?»

«የት ይቀመጣል? በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አሽጌ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ! ዕቃሽን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የጠበቅሁት።»

ናዝራዊት አፏን በእጇ ሸፈነች። ሳቋን መያዝ አቅቷት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ትልቅ ሰው ፊት በመሳቋ ደግሞ እያፈረች «ይቅርታ» ትላለች። «እትዬ የሺ፣ ምግቡን ከልክለውታል እኮ! ከሰኔ ጀምሮ አልበላም።»

«ሸፈንኩት እንጂ መቼ ከለከልኩት?»

«የሚበላው ብርሃን ነዋ። አፉ ይህ መስታወት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ስለ ጥሩነቱ ሳወራ እንዴት እንደሚቀመጥ ሳልነግርዎ ቀረሁ።»

ኪቦርዱን ወስዳ የጥቅምት ፀሐይ በወደቀበት የመስኮት ደፍ ላይ አጋደመችው። ወይዘሮ የሺዓለም ተቀምጠው ይመለከቱት ጀመር፤ በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ የተቀመጡ ይመስላሉ።

«አቧራ ይበላዋል ብዬ እኮ ነው» አሉ። «እኛ ጥሩ ዕቃ ስናገኝ እንሸፍናለን። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ሳይነካ ሲቆይ ነው ክብሩ።»

«አቧራውን በጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው። ይህ ግን ብርሃን ላይ ትተው ሲሠሩበት ነው ዕድሜው የሚረዝመው። ተደብቆ የሚቆይ ዕቃ ማንን ጠቀመ፣ እትዬ? ሪሞትዎን እንኳ በላስቲኩ ላይ ሆነው ሲጫኑት ቁልፉ አይታይዎትም፤ ‹ቻናል ቀይሪልኝ› እያሉ እኔን ይጠሩኛል።»

ወይዘሮ የሺዓለም በዚህ ሳቁ። እንዲህ የምትናገር ልጅ ናት ብለው አስበው አያውቁም ነበር። የጉዳዩ እውነት ግን በጨዋታው ውስጥ ልባቸው ገባ። በየቤታችን ስንት ዕቃ እንግዳ እስኪመጣ ተሸፍኖ፣ እንግዳው ሲመጣ አሮጌ ሆኖ ይገኛል! አክብረን ያስቀመጥነው እየመሰለን ከጥቅሙ የተለያየን ብዙ ነን።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ዞር ከማለቷ በፊት ናዝራዊት ምልክቷን ተጫነች። አረንጓዴ በራ። ወይዘሮ የሺዓለም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ለኪቦርድ እልል ማለቱ ከብዷቸው ተዉት።

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ዘበነ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ወይዘሮ የሺዓለም በጥጉ ያለውን ወንበር አልፈው ወደ ፊት ሲመጡ አዩአቸው።

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ ወዴት ነው? ኮምፒውተሩ እኮ ወዲያ ነው።»

«እሱ እዚያው ይቀመጥ። እኔ እዚህ እቀመጣለሁ» አሉና ከተናጋሪዎቹ መቆሚያ በስተቀኝ፣ የግራ ጆሯቸውን ወደ ተናጋሪው አድርገው ተቀመጡ። ኪቦርዱን ከቦርሳቸው አውጥተው ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ገመዱን ረሱት፣ እትዬ!» አለ ካላዩ ከፊት ወንበር። ሳቅ ተሰማ።

ወይዘሮ የሺዓለም አልመለሱለትም። አቶ ዘበነ ጉባኤውን ከፈቱ፤ ቃላቸው ከአፋቸው ሲወጣ በግድግዳው ላይ ተከታትሎ ተጻፈ። ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ሰው ሁሉ ግድግዳውን አይቶ ወደ ጸሐፊዋ፣ ከጸሐፊዋ መልሶ ወደ ጥጉ ኮምፒውተር ያያል፤ በመካከሉ አንድም ክር የለም። ስለ ድንኳኑ ዋጋ የተነሣው ተናገረ፤ ተጻፈ። ሌላው ተቃወመው፤ ተጻፈ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጮኹ ወይዘሮ የሺዓለም እጃቸውን አንሥተው «ተራ በተራ» አሉ፤ ከጥግ ሆነው ይህን ማለት አይችሉም ነበር። የተሳሳተ ቃል የለም፤ የተዘለለም የለም።

ካላዩ ወደ ጎረቤቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ወዲያው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካላዩ ቀና ብሎ ሲያይ በግድግዳው ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «አቶ ካላዩ፦ ይህ ስብሰባ ቶሎ ካላለቀ ምሳዬ ዳኛው ናቸው።»

«ኧረ እሱን አይጻፉት!» ብሎ ካላዩ ከወንበሩ ተስፈነጠረ።

ወይዘሮ የሺዓለም ጣቶቻቸውን አላቆሙም። ግድግዳው ላይ ቀጠለ፦ «አቶ ካላዩ፦ ኧረ እሱን አይጻፉት።»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። አቶ ዘበነም ዕንባቸውን እየጠረጉ «ይህ ከአጀንዳው ውጪ ስለሆነ ይሰረዝ» ሲሉ፣ ወይዘሮ የሺዓለም ሰረዙት። ካላዩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከልቡ እጅ ነሣ። «እትዬ የሺዓለም፣ እኔ ራሴ ያልሰማሁትን ነው የሰሙኝ! ለጸሐፊነት የምጠቁመው እሳቸውን ነው። ሌላ የሚጠቁም ካለ አብሮኝ ይውጣ።»

ማንም አልወጣም። እጆች ሁሉ ተነሡ፤ ወይዘሮ የሺዓለምም ድምፅ የሰጠውን ሰው ቁጥር ራሳቸው ግድግዳው ላይ ጻፉ። 

ከዚያ አንድ አባል ተነሥቶ የኪቦርዱ ባትሪ የሚያልቀው መቼ እንደሆነ ጠየቀ። ናዝራዊት የኋላ ወንበር ላይ ነበረች፤ የኮምፒውተር ሰው መሆኗን የሚያውቀው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር አቀረቀረች። ወይዘሮ የሺዓለም አዩአትና ራሳቸው ቆመው መለሱ።

«ባትሪ ገዝታችሁ አትለውጡለትም፤ ብርሃን ይበላል። መብራት ባለበት ቤት ሁሉ ይበላል። ገመድ ስለሌለው ማንም ተጠልፎ አይወድቅበትም። ወንበሬን ወደ ማሽኑ መጎተት ቀርቶልኛል፤ ቀና ብዬ ተቀምጬ የጻፍኩትም ይኸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰው መካከል መልሶ አስቀምጦኛል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ ስትገዙት እንዳትሸፍኑት። እኔ አክብሬ ልገድለው ነበር።»

ጉባኤው ለእድሩ ተመሳሳይ ኪቦርድ እንዲገዛ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ሰው ሲበተን ናዝራዊት ወደ ፊት መጥታ፣ በግራ ጆሯቸው በኩል ቆማ፣ «እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ። እንግዲህ የእድሩ አዲስ ኪቦርድ ሲመጣ የኔን እወስዳለሁ» አለቻቸው።

ወይዘሮ የሺዓለም ኪቦርዱን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት።

«አዲሱን አንቺ ውሰጂው፣ ልጄ። ይኼኛው ለምዶኛል።»